ሄለን የምትባል ሚስት የለችኝም

ዛሬ ሰቆጣ ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ፣ ሚስት እንዳለኝ በይፋ ተነበበ።

በትክክል አንብባችኋል። ሚስት።

ስሟ ሄለን ነው። ታጋሽ ናት። እኔ ሌሊቱን ኮምፒውተር ላይ ሳፈጥ እሷ ልጆቹን ታስተኛልኝ ነበር። ይህ ሁሉ የእኔ ማኅተም ባረፈበት ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ ስለዚህ መካድ አልችልም።

የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ። ባሌን ከቀበርኩ ዓመታት ያለፉኝ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ ጥግ ጥጉን የምሄድ ሴት ነኝ። ለማታውቁኝ ደግሞ፦ አልጋነሽ እባላለሁ። እዚሁ ሰቆጣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ብዙ አላወራም። ይህን ገጽ የከፈተችልኝ የእህቴ ልጅ ብርቱካን ናት፤ እስከ ዛሬ የለጠፍኩበትም የበዓል መልካም ምኞት ብቻ ነው።

ዛሬ ግን ራሴ ልጻፈው። ከተማው ጨማምሮ ሳያወራው!

መጀመሪያ የጸሐፊ ቤት አሠራር ይግባችሁ። አለበለዚያ አትፈርዱልኝም። (ከገባችሁም ላትፈርዱልኝ ትችላላችሁ።)

አንድ ሰው የቤት ኪራይ ውል ሊያጽፍ ይመጣል። ማናችንም አዲስ ውል አንጽፍለትም። ባለፈው ሳምንት ለሌላ ሰው የጻፍነውን እንከፍታለን፤ የዚያን ሰው ስም አውጥተን የዚህን እናስገባለን። ማመልከቻም እንደዚያ ነው። ቃለ ጉባኤም፣ የክስ መልስም፣ የሥራ ልምድም እንደዚያው። ደንበኛውም ሲገባ የሚለን ይህንኑ ነው፤ «ስሙን ብቻ ቀይሪልኝ።»

በጽሕፈት መኪናው ዘመን ስም ለመቀየር ገጹን ሁሉ እንደገና መምታት ነበረብን። ከዚያ ኮምፒውተር መጣ፤ «ሪፕሌስ ኦል» የሚሉትን በረከት ይዞ። የድሮው ስም እዚህ፣ አዲሱ ስም እዚያ፣ አንድ ቁልፍ። አለቀ።

በዚህ አሠራር ጉድ የሆንኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የሠርግ ጥሪ ወረቀት ላይ የቀድሞውን ደንበኛ ሙሽራ አስቀርቼ አትሜ ነበር። የአዲሱ ሙሽራ አባት እስካሁን ሰላም አይለኝም።

ሌላም እወቁልኝ። ጸሐፊ አታነብም። ፊደል ታያለች እንጂ ነገር አታይም። የስንቱ ፍቺ፣ የስንቱ ኑዛዜ በእጄ አልፏል፤ ብጠየቅ አንዱንም አልነግራችሁም፤ ስላላነበብኩት። ይህን እንደ ጨዋነት እቆጥረው ነበር። እናታችንም የሰው ጓዳ ገብተሽ ዓይንሽን መሬት ላይ አድርጊ ትለን ነበር።

ዓይኔን መሬት ላይ አድርጌ ነው ገደል የገባሁት።

አሁን ስለ ብርቱካን። የሟች እህቴ ልጅ ናት፤ ያደገችው ፃግብጂ ነው። ኮምፒውተር ተምራ ተመረቀች፤ ሥራ ግን አላገኘችም። አብረዋት ያደጉት ልጆች አብዛኞቹ አረብ አገር ናቸው። አንዷ እየደወለች «ነዪ» ትላታለች። ፓስፖርቱን አውጥታለች። ሳጥኔ ላይ፣ መስተዋቱ ሥር፣ ሁልጊዜ የማየው ቦታ ላይ ነው ያስቀመጠችው።

ቅሪ አላልኳትም። እንዲህ ዓይነት ቃል በእኛ ቤት አይነገርም። በነገር ማሰር ባልችል በሥራ ላስራት አሰብኩ።

ሥራው መጣ። የማር አምራቾች ዩኒየን ጨረታ አወጣ። ከየቅርንጫፉ የሚመጣውን ማር የሚመዘግብ ሶፍትዌር ፈለጉ፤ ማን አመጣ፣ ስንት ኪሎ፣ ነጭ ነው ቀይ፣ ከየት ቅርንጫፍ። አሸናፊው ፕሮግራሙን ከሸጠ በኋላም እየተቆጣጠረ የሚቆይ ነው። ይህን ካገኘን ብርቱካን ትቀራለች። ራሷም ብላኛለች፤ «ይሄ ከተገኘ ምን ልሁን ብዬ እሄዳለሁ?»

ከዜሮ አልጀመረችም። አዲስ አበባ የሚኖር ዮናስ የሚባል ሰው ለወተት ሰብሳቢዎች የሠራው ፕሮግራም ኢንተርኔት ላይ አገኘች። ኦፕን ሶርስ ነው አለችኝ። ምን ማለት ነው ብላት፣ ሰውየው የፕሮግራሙን ኮድ፣ ማለትም ውስጡን፣ ለማንም ክፍት አድርጎ ትቶታል፤ የፈለገ ወስዶ ይቀይረዋል አለች። በነፃ? በነፃ።

ተቀምጣ ወተቱን ማር አደረገችው። ሊትሩን ኪሎ አደረገች። ቅርንጫፎቹን አስገባች። መብራት ሲጠፋ የተመዘገበው እንዳይጠፋ አደረገች፤ ይህ ለእኛ አገር ዋናው ነው። ድካሟን አይቻለሁ፤ ሐቀኛ ድካም ነው።

ኒሯቅ ባለው ቅርንጫፍ ልትሞክረው ወደ አበርገሌ ስትወርድ በር ላይ ቆማ አንድ ነገር አለችኝ።

«አክስቴ፣ የሰውየውን ስም እንዳይነኩት። በነፃ ሲሰጥ ሁኔታ አስቀምጧል።»

እኔም ወረቀት ማዘጋጀት ካንቺ አልማርም፣ አንቺ ሳትወለጂ ጸሐፊ ነበርኩ አልኳት።

ሄደች። እኔ ዶሴውን ለማዘጋጀት ተቀመጥኩ።

ጨረታው «ከሶፍትዌሩ ጋር ያሉ ሰነዶች በሙሉ ታትመውና ማኅተም ተደርጎባቸው ይቅረቡ» ይላል። ፍላሹ ላይ ያገኘሁትን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሁሉ ከፈትኩ። በየገጹ ዮናስ፣ ዮናስ፣ ዮናስ ይላል። በእኔ ማኅተም ሥር የማን ዮናስ ነው የሚወጣ? ከእኔ ቤት የሚወጣ ወረቀት ንጹሕ ነው!

ሪፕሌስ ኦል። ዮናስ ወጣ፤ «አልጋነሽ የጽሕፈት አገልግሎት» ገባ። ፕሮግራሙ ሲከፈት የሚታየው ስምም ከዚያው ፋይል ነበርና አብሮ ተቀየረ። አተምኩ። በየገጹ ማኅተሜን አሳረፍኩ። አላነበብኩም።

ውሉንስ ከየት አመጣሁት? ይህን ለመጻፍ እጄ እየከበደኝ ነው።

ከቤት ሽያጭ ውል።

ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለኝ ጥሩ የሽያጭ ውል እሱ ነበር። «ቤት» የሚለውን «ሶፍትዌር» አደረግኩት። እንዲህ የሚል ሆነ፦ ይህ ሶፍትዌር የግሌ ብቸኛ ንብረት መሆኑን፣ ከማንኛውም ዕዳና እገዳ ነፃ መሆኑን፣ ባለመብት ነኝ የሚል ተከራካሪ ቢመጣ ተከራክሬ የማስለቅቅ መሆኔን፣ ጉድለት ቢገኝበት ኃላፊነቱ የእኔ መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

በሰሜንና በደቡብ የሚያዋስነውን ግን አውጥቻለሁ። እዚያ ድረስ አልሞኝም።

«ከነውኃ ቆጣሪው» የሚለውን ነው የረሳሁት።

አንዲት መስመር ደግሞ ከራሴ ጨመርኩ፤ ገዥው ለቅርንጫፎቹ መገልበጥ አይችልም፣ ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ለየብቻ ይገዛል የምትል። በሕይወቴ ከራሴ አመንጭቼ የጻፍኳት የሕግ አንቀጽ እሷ ብቻ ናት። በጣም ደስ ብላኝ ነበር።

ብርቱካን ከአበርገሌ ሙቀት ጠቁራና ከስታ ስትመለስ ዶሴው ታሽጎ ገብቶ ነበር። ስሙን ተዉት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሁሉም ተስተካክሏል አልኳት።

ውሸት አልነበረም። በእኔ ዓይን ተስተካክሎ ነበር።

ጨረታውን አሸነፍን። ዛሬ የፊርማው ቀን ነበር።

አዳራሹ ሙሉ ነው። ከፃግብጂ፣ ከአበርገሌ፣ ከየቦታው የቅርንጫፍ ተወካዮች መጥተዋል። ከፊት የዩኒየኑ ሊቀመንበር አቶ ኪሮስ ተቀምጠዋል፤ የፃግብጂ ሰው ናቸው፣ የድሮ ንብ አናቢ፣ የባሌ ጓደኛ የነበሩ። አጠገባቸው የሕግ ባለሙያው ፋሲል አለ። ከደብረ ታቦር ተመድቦ የመጣ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነው። እንዲህ ያሉትን ፍሩ።

ብርቱካን ፕሮግራሙን በፕሮጀክተር አሳየች። አንዱን ተወካይ አስነሥታ ከማሩ ኪሎ ጀምሮ ራሱ እንዲመዘግብ አደረገችው። ሠራለት! አጨበጨቡ። ከኒሯቅ የመጣችው ወይዘሮ፣ የቅርንጫፉ ገንዘብ ያዥ ናት፣ ይቺ ልጅ እኛ ጋ ላቧን ጠብ አድርጋ ነው የሠራችው ብላ መሰከረች።

እኔ በልቤ ለብርቱካን አዲስ ጠረጴዛ እያሠራሁላት ነበር። መስኮቱ አጠገብ፣ ብርሃን በሚገባበት።

ከዚያ ፋሲል ተነሣ።

«እትዬ አልጋነሽ፣ ከመፈረማችን በፊት ሁለት ወረቀት ላንብብልዎት» አለ። «ሁለቱም የእርስዎ ናቸው።»

መጀመሪያ ውሉን አነበበ። ብቸኛ ንብረቴ፣ ማንም የማይደርስበት፣ ተከራክሬ የማስለቅቀው። ሰው ራሱን ነቀነቀ። ጠንካራ ውል ነው። የቤት ሽያጭ ውል ነዋ!

ቀጥሎ እንግሊዝኛውን አነሣና እያቆመ ወደ አማርኛ መለሰው። እኔ አልጋነሽ የጽሕፈት አገልግሎት ይህን ፕሮግራም ለሰው ሁሉ ክፍት አድርጌአለሁ፤ የፈለገ ይውሰድ፣ ይገልብጥ፣ ይቀይር፣ ቢፈልግም ይሽጥ። ለሌላ የሚሰጥ ግን ኮዱን አብሮ ይስጥ፤ ተቀባዩም እንደ እርሱ የመቀየርና የመስጠት መብት ይኑረው። የሠሪውን ስም ማንም አያጥፋ። ለሚደርስ ጉዳት ዋስትና አልሰጥም።

በሁለቱም ላይ ያው ክብ ማኅተም። ሰማያዊ። ጥርት ያለ።

አቶ ኪሮስ ወረቀቱን ተቀብለው ገለበጡት፣ መልሰው አስቀመጡት።

«አልጋነሽ፣ ለሰው ሁሉ በነፃ ከሰጠሽው» አሉኝ፣ «እኛ የምንገዛሽ ምንሽን ነው?»

ከራሴ የጨመርኳት መስመር ትዝ አለችኝ። ለየቅርንጫፉ ለየብቻ የምትለዋ።

ፋሲል ገና አልጨረሰም። የመጨረሻው ገጽ ላይ ምስጋና አለ አለ። ሊተወው ይችል ነበር። ግን የሕግ ሰው ገጽ አይዘልም።

«ሌሊት ስሠራ ልጆቹን እያስተኛች ለታገሠችኝ፣ ለውዷ ሚስቴ ለሄለን። አልጋነሽ የጽሕፈት አገልግሎት።»

ከአበርገሌ የመጡት ሁለት ሰዎች በኽምጣንጋ ቋንቋ አንድ ነገር ተባባሉና ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የኒሯቋ ወይዘሮ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ በጣም በትሕትና ጠየቀችኝ።

«እትዬ፣ ሠርጉ መቼ ነበር? እኛን ሳይጠሩን።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ኪሮስ እንኳ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ሁለት ሰው አልሳቀም። እኔና ብርቱካን። እሷ ፕሮጀክተሩ ላይ የቀረውን ስም እያየች ነበር። ከኒሯቅ ከተመለሰች ወዲህ የሠራችው በራሷ ኮፒ ላይ ነበር፤ ዛሬ ግን ለማሳየት የከፈተችው እኔ ያስገባሁትን ነው። «አልጋነሽ» የሚለውን ያየችው ከሰው እኩል ነው።

ሳቁ ሲያልቅ ፋሲል ነገሩን አስረዳ። ሊያሳፍረኝ ብሎ አልነበረም፤ ይህን ልመስክርለት። ክፍት ነው ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም አለ። የቅጂ መብቱ የሠሪው ነው፤ ለሌላው የሰጠው ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱ የቆመው በሁኔታው ላይ ነው። ስም አጥፍቶ፣ ኮዱን ደብቆ፣ ብቻዬን የእኔ ነው ያለ ሰው ፈቃዱን ራሱ አፈረሰው። እኛ ደግሞ ይህን ገዝተን በየቅርንጫፉ ካሰራጨን፣ ባለቤቱ ነገ መጥቶ አቁሙ ቢለን ተጠያቂ እንሆናለን። ያን ጊዜ ተከራክሬ አስለቅቃለሁ ብለዋል፤ በምን ያስለቅቁልናል?

ከዚያ የባሰውን ተናገረ።

«መሸጥ እኮ አልተከለከሉም፣ እትዬ። ይሽጥ ይላል። ስሙን ትተው፣ ኮዱን አብረው ሰጥተው፣ እኛ የጨመርነው ይህ ነው ቢሉ ኖሮ ዛሬ እንፈርም ነበር።»

ይህን ስሰማ ሳቁ ቢመለስ ይሻለኝ ነበር።

ለቃለ ጉባኤ ስለሚያስፈልግ፣ ስሙን ያጠፋው ማን ነው ተብሎ ተጠየቀ።

ዓይን ሁሉ ወደ ብርቱካን ሄደ። ኮምፒውተር የምታውቀው እሷ ናት፤ ሰው እንዲያ ማሰቡ አይፈረድበትም። እሷ ቀና አላለችም። እሷ ናት ብላ እኔን አላሳየችም፤ እኔ አይደለሁም ብላም አልተከላከለች።

እኔም ወዲያው አልተናገርኩም።

ይህን ነው ከሄለን በላይ የማፍርበት። የነጠላዬን ጫፍ አስተካከልኩ። ቦርሳዬን ከጉልበቴ አንሥቼ ወንበሩ ላይ አኖርኩ። ልጅቷ ያን ሁሉ ጊዜ ሰው ፊት ቆማለች።

«እኔ ነኝ» አልኩ በመጨረሻ። «እሷ አልነበረችም። አይንኩት ብላኝ ነበር።»

አቶ ኪሮስ ወደ እኔ ዞሩ። እኛ አገር ላም በርቢ ይሰጣል፤ ያንተን ላም እኔ አረባለሁ፣ የወለደችውን እንካፈላለን፣ ላሟ ግን ያንተው ናት። ይህን የማያውቅ ሰው ዋግ ላይ የለም።

«የሰው ላም በርቢ ወስደሽ ልትሸጭልን ነበር» አሉኝ።

«ጥጃው እኮ የእኛ ነው» አልኩ።

«ጥጃውንማ ማን ከለከለሽ።»

ውሉ ቀረ። በፊርማው ሐሰት ያረጋገጠ ተጫራች ይሰረዛል ይላል መመሪያው፤ ተሰረዝኩ። የጽሕፈት ቤቴ ስም ቃለ ጉባኤው ውስጥ ገባ። የእነሱን ቃለ ጉባኤ ሁልጊዜ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። የዛሬውን ሌላ ቤት ይጽፈዋል።

እዚህ ላይ ቢያበቃ የእኔ ውርደት ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። አላበቃም።

አቶ ኪሮስ ከፋሲል ጋር ተንሾካሾኩና ወደ ብርቱካን ዞሩ። ፕሮግራሙ ለሰው ሁሉ ክፍት ከሆነ ለእኛም ክፍት ነው፣ የሰውየውን ስም መልሰሽ፣ ኮዱን እዚህ አስቀምጠሽ፣ እዚሁ ቢሮ ተቀጥረሽ አሠሪልን አሏት። ጨረታ አያስፈልገውም፤ ቅጥር ነው። በደመወዝ። ሰቆጣ ላይ።

እስቲ አስቡት! እኔ ስንት ወረቀት አበላሽቼ ያላገኘሁላትን ሥራ፣ ሰዎቹ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሰጧት።

ብርቱካን ወደ እኔ ዞረች። ፈቃዴን ነበር የምትጠብቀው። ሕጉ የእኔን ፈቃድ እንደማይፈልግ ፋሲል አሁን አስረድቶ ጨርሷል፤ እሷ ግን ጠበቀች።

አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። «ተቀበይ።» ወይም ራሴን መነቅነቅ።

ደንግጬ ይሁን ተቀይሜ እኔም አላውቀውም። ዝም አልኩ። ምናልባት በዚያ ሰዓት ሁሉም ከእጄ ሲሄድ እሷ እንኳ ከእኔ ጋር ከአዳራሹ እንድትወጣ ፈልጌ ይሆናል። እውነቱን ልጻፍ ብያለሁና ጻፍኩት።

«እኔ ከአክስቴ ጋር ነኝ የምሠራው» አለቻቸው።

አቶ ኪሮስ እስከ ነገ አስቢበት አሏት። ከዚያ በኋላ ከወልዲያ ሰው እንደሚያስመጡ ነገሯት።

ወጣን። ነፋሱ አቧራውን ፊታችን ላይ እየበተነ፣ ጎን ለጎን ሄድን። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትቆጣኝ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። የቤታችን በር ላይ ስንደርስ፣

«እግዜር ይስጠው፣ የውኃ ቆጣሪውን አላነበበውም» አለች።

ለካ አዳራሹ ውስጥ ውሉን አንሥታ ከእኔ በተሻለ አይታዋለች። ሁለታችንም ትንሽ ሳቅን። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀመጠችና የዩኒየኑን ሥራ እንደማትቀበል ነገረችኝ። ሰቆጣ ላይ ሆና፣ ከእኔ ሱቅ ማዶ ባለ ቢሮ፣ እኔን ባሰረዘኝ ቢሮ ገብታ ብትቀመጥ ሰው ምን ይላል አለች። ያች ያስጠጋቻት አክስቷ በወደቀች ማግስት ጥላት ሄደች ይላል። «አልችለውም» አለች።

«እና ምን ልትሆኚ ነው?» አልኳት።

ወደ ሳጥኑ አየች። ወደ መስተዋቱ ሥር፣ ወደ ፓስፖርቱ።

አገራችን እንዲህ ናት። ባሕር ተሻግራ የሄደች ልጅ አክስቷን ከዳች አትባልም። መንገድ ተሻግራ ቢሮ የገባች ግን ትባላለች።

ከሰዓት በኋላ ለዮናስ ኢሜይል ጻፍኩለት። ያደረግኩትን ነገርኩት፤ ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ለባለቤቱ ለወይዘሮ ሄለንም እንዲሁ። ምንም ዓይነት የድሮ ደብዳቤ አልከፈትኩም። ሁለት አንቀጽ ለመጻፍ ከሰዓቱ አለቀብኝ። ይቅርታ መጠየቂያ ቃል እንዲህ ጥቂት መሆኑን አላውቅም ነበር። እስካሁን አልመለሰልኝም፤ ባይመልስም አልቀየምም።

ሱቅ ያላችሁ፣ ድርጅት ያላችሁ፣ ከኢንተርኔት ነፃ ነገር እያወረዳችሁ የምትሠሩ፣ ከዚህ ቤት ምክር ከተቀበላችሁ እነሆ፦ ነፃ የተባለውን ነገር ሁኔታውን አንብቡት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቡት። የሠሪውን ስም ተዉት፤ ቦታ አይፈጅም። የእናንተ ያልሆነውን የእኔ ነው ብላችሁ አትፈርሙ፤ የእናንተ የሆነውን ድካም ግን ለይታችሁ ጻፉት፤ እሱም ይሸጣል። ውል ደግሞ ከቤት ሽያጭ አትቅዱ። ይህን ሁሉ ከሕግ ባለሙያ በርካሽ መስማት ይቻላል። እኔ በውድ ሰማሁት።

እኔ አሁን ፊት ለፊት ባለው ክፍል፣ ኮምፒውተሬ ላይ ነኝ። ብርቱካን ከመጋረጃው ኋላ ናት። ልብስ ስታጥፍ ይሰማኛል። ለምን እንደምታጥፍ አልጠየቅኳትም።

ይህን ገጽ ከማንም ቀድማ የምታነብበው እሷ ናት። ስለዚህ፦

ብርቱካን፣ ነገ ጠዋት ሂጂና ሥራውን ተቀበይ። ሰው የሚለውን ይበል፤ አክስቴ አልከፋትም በይልኝ፤ እኔም አልከፋኝም እላለሁ። አዳራሽ ውስጥ ይህን ልልሽ ይገባ ነበር። ማታ ማታ ከቢሮ ወጥተሽ እዚህ ራት ትበያለሽ። ይኸው ነው።

«ብቸኛ ባለቤት ነኝ» ብዬ ለመፈረም እጄ አንዲት ደቂቃ አልዘገየም። «ሂጂ፣ እዚሁ ሁኚልኝ» የሚለው ግን ምላሴ ላይ ይኸው ቀኑን ሙሉ ተጣብቆ ነው የዋለ።

እናንተስ? እናንተም ከመጋረጃ ኋላ ላለ ሰው ቃላችሁን በኢንተርኔት ነው የምትልኩት፣ ወይስ እኔ ብቻ ነኝ?